ንጉሥ አልፍሬድና የእንግሊዝ አገር ትምህርት

የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ849 ዓ.ም. ገደማ ዎንቴጅ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ንጉሥ ቢሆንም ልጁን በጊዜው ፊደል አላስቈጠረውም፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው የዌልስ ካህን አሰር እንደሚተርከው እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ድረስ ማንበብ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን እናቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የግጥም መጽሐፍ ለልጆችዋ አሳይታ፥ ቀድሞ ላጠናው እንደምትሰጠው ተናገረች። የመጀመሪያው ፊደል ጌጥ ልቡን የማረከው ታናሹ አልፍሬድ መጽሐፉን ወደ መምህሩ ወሰደና ቃሉን አጥንቶ ተመለሰ። ይህ በጆሮ የሚገኝ ትምህርት እንጂ ንባብ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

በ871 ዓ.ም. ሲነግሥ አገሩ በዴኖች ወረራ ተጨንቆ ነበር። በ878 ዓ.ም. ድንገት አደጋ ስለ ጣሉበት ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር ወደ አተልኒ ረግረግ ሸሸ፤ በዚያው ዓመት ግን ኤዲንግተን ላይ ድል አደረጋቸው። ሰላም ሲገኝ ሌላው ጥፋት ተገለጠ። በነገሠ ጊዜ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ በላቲን የሚጸልየውን የሚረዳ ካህን አንድ እንኳ እንደማያስታውስ ራሱ ጽፎአል። ጥፋቱንም በዴኖች ላይ ብቻ አላሳበበም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቃጠሉ መጻሕፍት ሞልተዋቸው ሳለ አንባቢ እንዳልነበራቸው አልሸሸገም።

ስለዚህ መምህራንን ከየአገሩ አሰባሰበ። ፕለግመንድና ወርፈርዝ ከመርሲያ፥ አሰር ከዌልስ፥ ግሪምባልድ ከፍራንኮች አገር፥ ዮሐንስ ከሳክሶኒ መጡ። እርሱም ወደ አርባ ዓመት በተጠጋ ዕድሜው በ887 ዓ.ም. ላቲን ማንበብና መተርጐም ጀመረ። አሰር ሲያነብለት ደስ ያሰኘውን ቃል ያስጽፍ ስለ ነበር፥ ጥቂት ገጽ የነበረው ጥራዝ ዳዊት አከለ። በቤተ መንግሥቱ ላቋቋመው ትምህርት ቤት ከገቢው ስምንተኛውን እጅ መደበ፤ በዚያም ከመኳንንት ልጆች ጋር ዝቅተኛ ትውልድ ያላቸውም ይማሩ ነበር። ፍርድ የሚያጓድሉ ሹማምንትን ወይ እንዲማሩ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘዘ። ንባብ እምቢ ያላቸው ሽማግሌዎች ልጃቸውን ወይም አገልጋያቸውን ቀን ከሌት እያስነበቡ ያዳምጡ ጀመር፤ በወጣትነታቸው ባለመማራቸውም አብዝተው ያዝኑ ነበር።

ታላቁ ውሳኔው ግን የቋንቋ ነበር። ላቲንን ሳይንቅ፥ አቅም ያላቸው የነጻ ሰዎች ልጆች ሁሉ አስቀድመው እንግሊዝኛ ማንበብ እንዲማሩ፥ ላቲን ወደ ክህነት ለሚያልፉት እንዲቈይ ወሰነ። ባሮችና ድኾች ከዚህ ዕቅድ ውጭ መቅረታቸው እውነት ነው፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን በአውሮፓ እንዲህ ያለ ዕቅድ ያወጣ ንጉሥ አይገኝም ማለት ይቻላል። የሚነበብ መጽሐፍ ስላልነበረም የጳጳሱን የጎርጎርዮስን የእረኝነት መጽሐፍ በመምህራኑ ረዳትነት ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ለየሀገረ ስብከቱ አንዳንድ ቅጂ ሲልክ፥ ዋጋው 50 ማንኩስ ወርቅ የሆነ መጠቈሚያ አብሮ ሰደደ፤ ማንም ከመጽሐፉ እንዳይለየውም አዘዘ።

አልፍሬድ በ899 ዓ.ም. ሞቶ በዊንቸስተር ተቀበረ። በ1693 ዓ.ም. ከአተልኒ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ስሙ የተቀረጸበት የወርቅ ጌጥ ተገኘ፤ ብዙ ሊቃውንት የዚያ መጠቈሚያ እጀታ ነው ይላሉ። ለወርፈርዝ ወደ ዉስተር የተላከው ቅጂም እስካሁን በኦክስፎርድ ይገኛል።