ጊልበርት ዋይትና የጓሮው ወፎች

ባለፈው ኅዳር ጅራታቸው መቀስ የሚመስል ወፎች በጓሮአችን ሲበሩ ታናሽ ወንድሜ ከየት እንደ መጡ ጠየቀኝ። እኔም ሳላውቅ፣ ከተደበቁበት ጉድጓድ ወጥተው ነው ብዬ መለስሁለት። በኋላ የጊልበርት ዋይትን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ አፈርሁ።

ዋይት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1720 ዓ. ም. ሴልቦርን በምትባል የእንግሊዝ መንደር ተወለደ። በኦክስፎርድ ተምሮ ቄስ ሆነ፤ ወደ መንደሩም ተመልሶ አብዛኛውን ዕድሜውን በዚያው አሳለፈ። በቤቱ አትክልት ቦታ የሚያየውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሦስት ትንንሽ ወፎችን በድምፃቸው ለይቶ አስታወቀ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረው። በረዶ በሚወርድበት ወራት ባለመቀስ ጅራቶቹ ወፎች ከመንደሩ ይጠፋሉ። ወደ ሩቅ አገር ይሰደዳሉን? ወይስ ተደብቀው ይተኛሉ? ሰው አሰማርቶ በየቁጥቋጦውና በየጉድጓዱ አስፈለገ፤ አንድም አላገኘም። ቢሆንም አንዳንዶቹ ይደበቃሉ ብሎ ይጠረጥር ነበርና፣ ጥርጣሬውን ሳይሸሽግ በ1789 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። በ1793 ዓ. ም. ቁርጡን ሳያውቅ ሞተ። በ1912 ዓ. ም. ግን በእንግሊዝ አገር እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት ከነዚሁ ወፎች አንዲቱ በደቡብ አፍሪካ ተገኘች።

ከአውሮፓ የሚሰደዱት ወደ አገራችንም ይመጣሉ። ለወንድሜ ስሕተቴን ነገርሁት። አሁን ሁለታችን ከጓሮ ተቀምጠን ያየነውን በደብተር እንጽፋለን፤ ያላወቅነውንም አላወቅንም ብለን እንጽፋለን።