ሰውየው አለፈ፣ መኪናዋ 38 ሚሊዮን ዶላር አወጣች

እ.ኤ.አ ኦገስት 14/2014 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ካርሜል ላይ አንዲት አሮጌ ፌራሪ ለጨረታ ቀረበች። ቦናምስ የተባለው የእንግሊዝ አጫራች ድርጅት መዶሻውን ሲያሳርፍ ዋጋዋ ከነኮሚሽኑ 38 ሚሊዮን 115 ሺህ ዶላር ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጨረታ ይህን ያህል ያወጣች መኪና አልነበረችም። በዚህ ገንዘብ አንድ ክለብ ደህና አጥቂ ያስፈርምበታል። ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋው ሆነ። በዚያች መኪና ውስጥ ሕይወቱን ያጣው ሰው ስም ግን ከዋጋው ጀርባ ተደብቆ ቀረ።

ሰውየው ሄንሪ ኦሬዬ ይባላል። ለኛ ጆሮ የቴሪ ሄንሪን ያህል ቅርብ ላይሆን ይችላል። በፈረንሳይ ተራሮች ግን ትልቅ ስም ነው። ከመኪናው በፊት ደግሞ የኦሎምፒክ ጀግና ነበር።

ኦሬዬ የተወለደው ዲሴምበር 5/1925 በፓሪስ ሲሆን ያደገው በአልፕስ ተራሮች ቫል ዲዜር በተባለች መንደር ነው። እዚያ ልጅ ሁሉ በበረዶ ላይ መንሸራተት የሚማረው የኛ ሰፈር ልጅ ኳስ መምታት እንደሚማረው ነው። ናዚ ጀርመን ፈረንሳይን በያዘበት ዘመን ኦሬዬ ገና አፍላ ወጣት ነበር። ቢሆንም ከአገሩ አርበኞች ጎን ተሰልፏል። ሞትን ቀድሞ ስላየው ይሆን ወይስ ተፈጥሮው፣ ከጦርነቱ በኋላ በስኪ ውድድር ላይ ሲታይ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ዓለም ያወቀው በ1948ቱ የሴንት ሞሪትዝ የክረምት ኦሎምፒክ ነው። ዳውንሂል የሚባለው ውድድር ከተራራ አናት ቁልቁል የሚወረድበት ነው። ተወዳዳሪው ብቻውን ይለቀቅና ሰዓቱ ይያዛል። በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚከነፍበት ጊዜ አለ። ይህ ውድድር በወንዶች ራሱን ችሎ ሜዳሊያ ሲሰጥበት ያ የመጀመሪያው ኦሎምፒክ ነበር። የ22 ዓመቱ ኦሬዬ ከመነሳቱ በፊት ተቀናቃኞቹን በከንቱ እንዳይደክሙ ያሾፍባቸው ነበር ይባላል። ጉረኛ ብለው የታዘቡት ሳይኖሩ አልቀሩም። ቁልቁል ሲወርድ ሚዛኑን እየሳተ ወደቀ ሲባል እየተነሳ፣ በአየር ላይ እየተንሳፈፈ 2 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ጋብል በ4.1 ሰከንድ ተበለጠ። ሰዎች በመቶኛ ሰከንድ በሚበላለጡበት ስፖርት 4 ሰከንድ ማለት በኳስ ቋንቋ 6 ለ 0 እንደማለት ነው። በወንዶች የኦሎምፒክ ዳውንሂል ታሪክ እንዲህ ሰፊ ልዩነት ታይቶ አያውቅም።

በዚያው ኦሎምፒክ በጥምር ውድድሩ ሁለተኛ ወርቅ፣ በስላሎም ደግሞ ነሐስ ጨመረ። በ1952 ኦስሎ ላይም ተወዳድሮ ነበር፤ ግን ሜዳሊያ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ስኪውን ሰቀለ።

ፍጥነት የለመደ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ማየት አይሆንለትም። ኦሬዬ ወደ መኪና ውድድር ገባ። በራሊ ጀመረ፣ እያደር ወደ ትልልቆቹ መኪኖች ወጣ። በዚህ መካከል ነው ከጆ ሽሌሰር ጋር የተጣመረው። ሽሌሰርም እንደሱ ፈረንሳዊና ደፋር አሽከርካሪ ነበር። በሴፕቴምበር 1962 ሽሌሰር አዲስ ፌራሪ 250 ጂ ቲ ኦ ከፋብሪካው ተረከበ። የሻንሲ ቁጥሯ 3851 ነው። 3 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር፣ ወደ 300 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ነች። ከዚህ ዓይነት የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው።

ሁለቱ ሰዎች መኪናዋን ይዘው በቀጥታ ቱር ደ ፍራንስ ገቡ። የብስክሌቱ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ዘመን በዚሁ ስም የሚጠራ የመኪና ውድድር ነበር። ለቀናት ከከተማ ከተማ እየተነዳ በየመንገዱ ባሉ ትራኮችና አቀበቶች ላይ ይሽቀዳደሙበታል። ሽሌሰርና ኦሬዬ ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ለአዲስ መኪናና ለአዲስ ጥንድ የሚያኮራ ውጤት ነው።

ደስታው ግን ሳምንታትም አልቆየ። ኦክቶበር 7/1962 ከፓሪስ ብዙም በማይርቀው የሞንሌሪ ትራክ ላይ ሁለቱ ያችኑ መኪና ይዘው ቀረቡ። መሪው ላይ ኦሬዬ ነበር። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ መኪናዋ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆነችና ተጋጨች። ጦርነትና የበረዶ ገደል ያልጣሉት ሰው በአስፋልት ላይ ቀረ። 37 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ገደማ ነበር የቀረው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የመኪናዋ ነው። ሰው አይጠገንም፣ ብረት ግን ይጠገናል። የተጨማደደችው ፌራሪ ወደ ጣሊያን ተመልሳ በፋብሪካው ታደሰች። በ1963 ፓኦሎ ኮሎምቦ የተባለ ጣሊያናዊ እጅ ገብታ በአቀበት ውድድሮች ላይ በምድቧ ድል በድል ሆነች። ኦሬዬ ከተቀበረ ገና ዓመት አልሞላም ነበር።

በ1964 ደግሞ ባለቤቷ ኤርኔስቶ ፕሪኖት ሆነ። የሚገርመው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፕሪኖት ከመኪና እሽቅድምድም ሌላ መሐንዲስ ነበር፤ ስሙን የያዘው ፋብሪካው የሚታወቀው የስኪ መንሸራተቻ በረዶን በሚያስተካክሉ ማሽኖች ነው። የስኪ ሻምፒዮኑ የሞተባት መኪና ለስኪ ሜዳ ሠሪው ደረሰች ማለት ነው። ልብ ወለድ ላይ ቢጻፍ ማን ያምናል?

በ1965 መኪናዋ እንደገና ተሸጠች። የውድድር መኪና እንደ ተጫዋች ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሞተራቸው ከኋላ የሆነ አዳዲስ መኪኖች መጥተው 250 ጂ ቲ ኦን አሮጌ አድርገዋታል። የማዕድን ውሃ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ጣሊያናዊው ፋብሪዚዮ ቪዮላቲ የገዛት በ4 ሺህ ዶላር ገደማ ነው ይባላል። ወላጆቹ እሽቅድምድም ስለከለከሉት ደብቆ አስቀምጦ ሌሊት ሌሊት ይነዳት ነበር። ኋላ ላይ በአሮጌ መኪኖች ውድድር አሽቀዳደማት፤ ሳን ማሪኖ ውስጥ ባቋቋመው ሙዚየምም ለሕዝብ አሳያት። እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 2010 አልሸጣትም። ለጨረታ የቀረበችው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። የዋጋ ሪከርዷንም በ2018 ሌላ 250 ጂ ቲ ኦ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣ ሰብራዋለች።

ሽሌሰርስ? እሱም አልተረፈም። ጁላይ 7/1968 በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ሩዋን ላይ ሆንዳ እያሽከረከረ ተጋጭቶ፣ መኪናው በእሳት ጋይታ ሞተ። በዚያ ዘመን አሽከርካሪ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ማታ ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ዛሬ ሰብሳቢዎች በሚሊዮን የሚከፍሉላቸው መኪኖች ያን ዋጋ ያገኙት በውድድር ታሪካቸው ነው፤ ያ ታሪክ ደግሞ በሰው ሕይወት ጭምር የተጻፈ ነው።

ኦሬዬ ግን ጨርሶ አልተረሳም። በመንደሩ በቫል ዲዜር የዓለም ዋንጫ ውድድር የሚካሄድበት ዝነኛ ቁልቁለት «ኦ ካ» ይባላል። «ኦ» የኦሬዬ ነው። «ካ» ደግሞ እዚያው መንደር ያደገውና በ1968ቱ የግሬኖብል ኦሎምፒክ ሦስት ወርቅ የጠራረገው የዣን ክሎድ ኪሊ ነው። ፌራሪዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ኖራለች፣ ነገም የባለቤቷ ስም ይለወጥ ይሆናል። የተራራው ስም ግን ለጨረታ አይቀርብም።