ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ወሩ ሚያዝያ፣ ዘመኑ 1860 ዓ.ም ነው። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባን ሰብሮ ገብቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳልፈዋል። አምባው በጢስ ታፍኗል፤ ሕዝቡ በየአቅጣጫው ተበትኗል። በዚያ ትርምስ ውስጥ ዕድሜው ሦስት ዓመት ያህል የሆነ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ቀረ። ስሙ ወርቅነህ ነበር፤ የጎንደሩ ነጋድራስ እሸቴ ልጅ።

ሕፃኑን ያገኘው ቻምበርሌይን የተባለ የእንግሊዝ ጦር ኮሎኔል ነው። ጦሩ ንጉሡን ድል አድርጎ፣ የመቅደላን ቅርሶችና የብራና መጻሕፍት ጭኖ ሲመለስ ሕፃኑም አብሮ ሄደ። በመርከብ ባሕሩን ተሻግሮ ህንድ ገባ። ከዚያች ቀን በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የሀገሩን አፈር አልረገጠም።

በህንድ ሕይወቱ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነበር። ኮሎኔል ቻምበርሌይን ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከዚያም ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ሸፈነለት። ልጁም ከሁለቱ መኮንኖች ስም የተገጣጠመ አዲስ ስም ወጣለት፤ ቻርለስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለው ስም ከማንም አፍ የማይሰማ፣ ባለቤቱም የማያስታውሰው ሆኖ ቀረ።

ልጁ ያደገው በፑንጃብ ምድር፣ በአምሪትሳር ከተማ በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ፊደል የቆጠረውም፣ የጸለየውም፣ ሒሳብ የተማረውም በእንግሊዝኛ ነበር። ዛሬ ብዙ ወጣት እንግሊዝኛን ለመማር ባሕር ማዶ ለመሄድ ይመኛል፤ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ፈተና ይቀመጣል። ለዚህ ልጅ ግን እንግሊዝኛ የተመኘው ዕውቀት አልነበረም። የእናቱ ቋንቋ ከአንደበቱ ሲጠፋ ባዶውን ቦታ የያዘው ልሳን ነው። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ የሚናገረው ቋንቋ አለው፤ የሚያናግረው ሰው ካጣ ግን በአጭር ጊዜ ይረሳዋል። ወርቅነህም አማርኛን ረሳ።

ትምህርቱን ግን በትጋት ያዘ። ወደ ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1874 ዓ.ም ተመረቀ። ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤደንብራና በግላስጎው የሕክምና ተቋማት ፈተናውን አልፎ በ1883 ዓ.ም የሙሉ ሐኪምነት ፈቃድ አገኘ። በዘመናዊ ሕክምና በመሠልጠን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብለው የሚጠሩት እኒህ ሰው ናቸው። ከስኮትላንድ መልስ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው በርማ ተመድበው በመንግሥት ሐኪምነት ሠሩ። ደመወዝ፣ ማዕረግና መኖሪያ ነበራቸው። የሌላቸው ነገር ዘመድና ሀገር ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዐድዋ ተራሮች የሆነው ነገር የዶክተር ቻርለስ ማርቲንን ሕይወት ዳግመኛ ለወጠው። አንድ የአፍሪካ ንጉሥ የአውሮፓን ጦር ድል መምታቱን የሚነግረው ዜና እስከ በርማ ድረስ ዘለቀ። ስለ ሀገራቸው ድል የሰሙት በእናታቸው ቋንቋ አልነበረም፤ ትርጉሙ ግን ልባቸውን ነካ። ከየት እንደመጡ ያውቁ ነበርና ፈቃድ ጠይቀው ጉዞ ጀመሩ። በኤደንና በዘይላ በኩል አልፈው፣ ሐረርን ተሻግረው በ1892 ዓ.ም አዲስ አበባ ገቡ።

ዳግማዊ ምኒልክ በመልካም ተቀበሏቸው። ሐኪሙም ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ያዙ። ከፊታቸው የሚቀመጠው ሕመምተኛ የገዛ ወገናቸው ነው፤ ነገር ግን የት ላይ እንደሚያመው የሚነግራቸው በአስተርጓሚ ነበር። በትውልድ ሀገራቸው መካከል እንደ እንግዳ የቆሙበት ጊዜ ነበር።

ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ በከተማው ሲናኝ ዘመዶች መጡ። ከእነርሱም መካከል አንዲት አሮጊት፣ አያቱ ነኝ ያሉ፣ ይገኙበት ነበር። አሮጊቷ ልጁ በሕፃንነቱ በክንዱና በእግሩ ላይ የነበረበትን ጠባሳ ለይተው ተናገሩ። ሰውነታቸው ሲታይም ጠባሳው እንደተባለው በቦታው ተገኘ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ መነጋገር አልቻሉም። ማንነታቸውን ያረጋገጠላቸው ከአንደበታቸው ይልቅ በገላቸው ላይ የቀረው ምልክት ነው። የጠፋው ስምም ያን ጊዜ ተመለሰ፤ ዶክተር ማርቲን ወርቅነህ መሆናቸውን ዐወቁ።

ሐኪም ወርቅነህ የተገፉበት የመለያየት ዕጣ በዚያ ዘመን የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። ወደ ሀገራቸው ከመመለሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በካፋ ምድር ሌላ የመለያየት ታሪክ ተጀምሮ ነበር። በቦንጋና በአንደራቻ መናገሻነት ለዘመናት የኖረው የካፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራውን ጦር ወራት ለፈጀ ጊዜ ተቋቁሞ በመጨረሻ ተሸነፈ። ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም መባቻ ተማርከው ወደ መሐል ሀገር ተወሰዱ። እስከ ዕለተ ሞታቸውም ወደ ዙፋናቸው አልተመለሱም።

የንጉሡ ዕጣ ለተራው ሰውም ተረፈ። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከካፋና ከአጎራባች የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ብዙ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ በባርነት እየተጋዙ ከቤታቸው ራቁ። ካፊኖኖ ሲናገር ያደገ ልጅ በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው ቤት ውስጥ፣ በሌላ ስም ተጠርቶ በሌላ ቋንቋ ታዘዘ። ለእነዚያ ልጆች ግን የትምህርታቸውን ወጪ የሚሸፍን ኮሎኔል አልነበረም፤ ብዙዎቹም ጠባሳቸውን ለይታ የምታውቅ አያት ዳግመኛ አላገኙም።

ሐኪም ወርቅነህ ከመጀመሪያው ጉዟቸው በኋላ ወደ በርማ ሥራቸው ተመልሰው ነበር። በ1900 ዓ.ም ገደማ እንደገና መጥተው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት አገለገሉ፤ በሕመም ላይ የነበሩትን ዐፄ ምኒልክንም ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። በዚያም ዘመን ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች አፈሩ። ከበርማ አገልግሎታቸው በጡረታ ተሰናብተው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ግን በ1911 እና 1912 ዓ.ም መካከል ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳውን አልፏል። ሌላው ሰው ዕረፍት በሚያስብበት ዕድሜ እርሳቸው በርካታ ሥራ በትከሻቸው ላይ ጫኑ።

በልጅነት የተነጠቁትን ቋንቋ እንደ ባዕድ ሰው ከሥሩ ተምረውታል። ሐኪሙ አማርኛን በጉልምስናቸው አጥንተው በሥራ ላይ አዋሉት፤ በፍርድ ወንበርም ተቀመጡ፤ ለተማሪዎች የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጁ። የዓለምን አህጉርና ባሕር በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ያንኑ ዕውቀት ለሀገሩ ልጅ በሀገሩ ቋንቋ ማቅረቡ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ በዓለም ፊት ትልቅ ጥያቄ ሆኖባት ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ባሮች ነፃ የሚወጡበትን አዋጅ አወጡ። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን ሰውን አያቋቁምም። ነፃ የወጣ ልጅ ቤት፣ እንጀራና ሙያ ያስፈልገዋል። ሐኪም ወርቅነህ ለዚህ ጉዳይ ተቆርቋሪ ሆነው ከተነሡት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ፍቅርና አገልግሎት የተባለውን ማኅበር በማቋቋምና ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ በመጣር ደከሙ። በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ተነጥቆ በማያውቀው ሀገር በማያውቀው ስም ያደገ ሰው የእነዚያን ልጆች ችግር ከራሱ ሕይወት ያውቀው ነበር።

በሚያዝያ 1917 ዓ.ም የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት በኃላፊነት የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይሰጡ ነበር። ከዚያ የወጡ በርካታ ወጣቶችም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ሀገር ተልከዋል። እርሳቸው በሄዱበትና እነዚህ ወጣቶች በሄዱበት መንገድ መካከል ሰፊ ልዩነት ነበር። ወጣቶቹ የሄዱት ስማቸውን ይዘው፣ የሚመለሱበትን ቤት እያወቁ፣ በመጀመሪያው ቋንቋቸው ላይ ሁለተኛውን ጨምረው ነው። የውጭ ቋንቋ ለእነርሱ ጭማሪ ሆነ እንጂ ምትክ አልሆነም።

የሐኪሙ እንግሊዝኛ ለሀገር ጉዳይም አገለገለ። በ1920 ዓ.ም ገደማ ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራ ግድብ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። በዚያው ጉዞ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ግድቡ በዘመናቸው አልተሠራም፤ ግብዣው ግን ሰሚ አላጣም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዛዥ ተብለው የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ። ቡና አብቃይ በሆነው በዚያ አውራጃ፣ መቀመጫቸውን አሰበ ተፈሪ ላይ አድርገው መንገድ በማሠራት፣ ትምህርት ቤት በማቋቋምና የግብር አሰባሰቡን ሥርዓት በማስያዝ ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ ለማድረግ ጣሩ።

የፋሽስት ጣሊያን ወረራ ሲቃረብ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው ሰባ ደርሷል። በሕፃንነቱ የእንግሊዝ ጦር ከሀገሩ የወሰደው ሰው አሁን በእንግሊዝ ዋና ከተማ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሆነ። በየአዳራሹ ንግግር አደረጉ፤ ለጋዜጦች ጻፉ፤ ለተጎዱት ወገኖች ርዳታ ጠየቁ። አድማጮቻቸው የሚሰሙት እንግሊዝኛ በራሳቸው ትምህርት ቤቶች የተቀረጸ ነበርና ቃሉን ለማድመጥ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ኢትዮጵያ የጠየቀችው ርዳታ ግን በጊዜው አልመጣም።

ከሁሉ የከፋው ሐዘን የደረሰባቸውም በዚያው የስደት ዘመን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ የቦምብ ጥቃት ከተሰነዘረ በኋላ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ባወረዱት እልቂት፣ በተለይም የተማሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። በእንግሊዝ ሀገር ተምረው የተመለሱት የሐኪሙ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከተገደሉት መካከል ነበሩ። አባት ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ ልከው ያስተማሩት እርሳቸው ያላገኙትን፣ በስምና በቤተሰብ መካከል ሆኖ የመማርን ዕድል ሰጥተዋቸው ነበር። ያ ትምህርት በወራሪው ዓይን ለሞት የሚያበቃ ወንጀል ሆኖ ተቈጠረ።

ሐኪም ወርቅነህ ከሎንዶን ወደ ህንድ፣ ወዳደጉበት ሀገር፣ ተሻግረው የስደቱን ቀሪ ዘመን አሳለፉ። ከነፃነት በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም አረፉ።

ከእርሳቸው ከቀሩት ቅርሶች መካከል ለረጅም ዓመታት የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ይገኝበታል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛን ተምረው፣ በአማርኛ አስተዳድረውና መጽሐፍ አዘጋጅተው እንኳ ለብቻቸው ሲሆኑ ሐሳባቸው የሚፈስሰው በአምሪትሳር በተማሩት ልሳን ነበር። በልጅነት የተተካ ቋንቋ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ዛሬ በቦንጋ ከተማና በካፋ ዞን ወረዳዎች ልጆች በካፊኖኖ ፊደል ይቈጥራሉ፤ አማርኛን ይጨምራሉ፤ ከፍ ሲሉም እንግሊዝኛ የትምህርታቸው ቋንቋ ይሆናል። ከእነርሱ መካከል ባሕር ማዶ ተሻግሮ ለመማር የሚያልም አይጠፋም። በባዕድ ሀገር የተማሩትን ዕውቀት ለወገን ማዋል እንደሚቻል ሐኪም ወርቅነህ በሥራቸው አሳይተዋል። የሚሄደው ልጅ ግን እርሳቸው ያላገኙትን ስንቅ ይዞ መሄድ ይችላል። ስሙን ያውቃል፤ አያቱን ደግሞ ያለ አስተርጓሚ ያነጋግራል።