የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ፤ ዕለት ዕለት እንደ አዲስ የጀመረ

ደብር ዘመኑን ቈጥሮ ኢዮቤልዩ ማክበሩ ሕግ ያለው ነገር ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ኀምሳኛው ዓመት እንዲቀደስ ታዝዞአልና። ነገር ግን ዘመንን መቍጠር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያለፈውን ቸርነት አስቦ ለማመስገን ነው፤ ሁለተኛው ያለፈውን ድካም ይዞ ለመመካትና ለማረፍ ነው። የመጀመሪያው ያንጻል፤ ሁለተኛው ያስተኛል። ይህን ሁለተኛውን ቍጥር ከልቡ አውጥቶ የጣለ፥ ፻፭ ዓመት ኖሮ ሳለ እያንዳንዱን ቀን እንደ መጀመሪያ ቀን አድርጎ የተጋ፥ የመነኮሳት አባት ብፁዕ አባ እንጦንስ ነው። ስለዚህ ዘመን በሚቈጠርበት በዓል የእርሱን ታሪክ ማሰብ የተገባ ነው።

አባ እንጦንስ በ፪፻፶፩ ዓ. ም. ገደማ በግብፅ አገር ቆማ በምትባል መንደር ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ወላጆቹ ክርስቲያኖችና ባለጸጎች ነበሩ፤ ልጃቸውንም ከቤታቸው ሳያርቁ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት እየሄዱ አሳደጉት። እርሱ ፲፰ ወይም ፳ ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ሞቱ፤ አንዲት ታናሽ እኅትና በአገሩ ልክ ፫፻ አሩራ የሚሆን ለም መሬት በእጁ ቀረ።

ወላጆቹ ከሞቱ ስድስት ወር ሳይሞላ፥ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፥ ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንዴት እንደ ተከተሉ በልቡ ያወጣ ያወርድ ነበር። በገባም ጊዜ ወንጌል ሲነበብ አገኘ፤ ንባቡም ጌታ ፍጹም ሊሆን የሚወድ ባለጸጋ ገንዘቡን ሸጦ ለድኾች እንዲሰጥ ያዘዘበት ስፍራ ነበረ። ይህንን ንባብ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ሰው ይሰማዋል፤ ብዙውም ለሌላ ሰው እንደ ተነገረ፥ ወይም ለሌላ ጊዜ እንደሚሆን ቈጥሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንጦንስ ግን ቃሉ በዚያች ሰዓት ለእርሱ እንደ ተነበበ አድርጎ ተቀበለው። ወዲያውም ወጥቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ዕቃውንም ሸጦ ለድኾች መጸወተ፤ ለእኅቱም ጥቂት አስቀረላት።

ሁለተኛ ቢገባ ደግሞ ጌታ ስለ ነገ እንዳይጨነቁ ያስተማረበት ቃል ሲነበብ ሰማ። ያን ጊዜ ያስቀረውንም ጥቂት ገንዘብ አውጥቶ ሰጠ። እኅቱን ግን አልጣላትም፤ ለታወቁና ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጣት እንጂ። ከዚህም የሚገኝ ትምህርት አለ፤ ስለ ነገ አለመጨነቅ ማለት አደራን መጣል ማለት አይደለም። ዛሬ ሊሠራ የሚገባውን ዛሬ በሚገባ ሠርቶ፥ የቀረውን ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር መተው ነው።

ከዚህ በኋላ በመንደሩ ዳር ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ወደ ሩቅ በረሓ የሚወጣ መናኝ ገና አልተለመደም ነበርና፥ በየስፍራው የሚኖሩ ደጋግ ሰዎችን እየፈለገ፥ ንብ ከአበባው ሁሉ እንደምትቀስም፥ ከአንዱ ትሕትናን፥ ከአንዱ ትጋትን፥ ከአንዱ ፍቅርን ይቀስም ነበር። በእጁ ሥራ ይበላ ነበር፤ የተረፈውንም ለድኻ ይሰጥ ነበር። የፊደል ትምህርት አልተማረም፤ ሆኖም ንባብ ሲሰማ ልቡ ከጆሮው ጋራ በአንድ ስፍራ ይቆም ስለ ነበረ፥ ከተነበበው አንድ ስንኳ በምድር አይወድቅበትም፤ መጽሐፉም ልቡናው ሆነለት። በመጽሐፍ ላይ ተቀምጦ ልቡ በገበያ የሚዞር ስንት ተማሪ አለ!

ጠላት ግን ዝም አላለውም። የመጣበትንም መንገድ ማስተዋል ይጠቅማል። በመጀመሪያ የተወውን ሀብት፥ የዘመዶቹን ፍቅር፥ የእኅቱን ነገር፥ የማዕዱን ጣዕም አሳሰበው፤ ይህ ሁሉ ካለፈው ዘመን የመጣ ጦር ነው። ቀጥሎም የሥጋን ድካምና የገድልን ርዝመት አሳየው፤ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ትችለዋለህ የሚያሰኝ ሐሳብ ነው፤ ይህም ገና ካልመጣው ዘመን የተወረወረ ጦር ነው። ከትናንትና ከነገ መካከል ያለችውን ዛሬን ለመንጠቅ ከሁለት ወገን ተዋጋው። ብፁዕ እንጦንስ ግን ያለፈውን ዘመን ድካሙን አልቈጠረም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በኋላው ያለውን እየረሳ በፊቱ ወዳለው እንደ ተዘረጋ እያሰበ፥ በየዕለቱ ዛሬ እንደ ጀመረ ሆኖ ይነሣ ነበር። ነቢዩ ኤልያስም በእግዚአብሔር ፊት ስለ መቆሙ ሲናገር ዛሬ ማለቱን ልብ አድርጎ፥ ነቢዩ ያለፈውን ጊዜ እንዳልቈጠረ፥ በዚያች ቀን ንጹሕ ሆኖ ለመቆም ብቻ እንደ ተጋ ይተረጕመው ነበር።

ከዚያም ወደ መቃብር ቤት ገብቶ ብቻውን ተቀመጠ። በዚያም አጋንንት ክፉኛ ደብድበው እንደ በድን አደረጉት። በመጨረሻ ብርሃን ወርዶ ጭንቁ በተወገደለት ጊዜ፥ ጌታ አስቀድሞ ወዴት እንደ ነበረ ጠየቀ። የተሰጠውም መልስ፥ ጌታ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚያው እንደ ነበረ፥ ተጋድሎውንም ለማየት እንደ ቆየ የሚያስረዳ ነበረ። እግዚአብሔር ከሰው አይርቅም፤ ከእግዚአብሔር የሚርቀው የሰው ሐሳብ ነው።

ከዚህ በኋላ፥ ዕድሜው ወደ ፴፭ ሲደርስ፥ ዓባይን ተሻግሮ በተራራ ላይ ባለ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ ፳ ዓመት ያህል ተዘጋ። እንጀራ በዓመት ሁለት ጊዜ ከላይ ያወርዱለት ነበር። በ፫፻፭ ገደማ ወዳጆቹ በሩን ሰብረው በከፈቱ ጊዜ፥ በጾም የከሳ ወይም ባለመንቀሳቀስ የወፈረ ሰው አላገኙም፤ ሰውነቱ እንደ ቀድሞው ነበረ፤ ልቡም ብዙ ሕዝብ አይቶ አልታወከም፥ ሁሉም ሲሳለሙት አልተኵራራም። ከዚያም ብዙዎች ምንኵስናን መረጡ፤ በረሓውም የመነኮሳት ከተማ ሆነ።

አንድ ቀን በበረሓ ተቀምጦ ሳለ ሀኬት ያዘው፤ ሐሳቡም ጨለመበት። አበው እንደሚያስተምሩት ሀኬት ማለት ሰነፍ ሆኖ መተኛት ብቻ አይደለም፤ ካሉበት ስፍራ መሰልቸት፥ ከያዙት ሥራ መሸሽ፥ ሰዓቱ አልሄድ ማለቱ ነው። እንጦንስም መዳን እየወደደ ሐሳቡ እንዳልተወው ለእግዚአብሔር አመለከተና ምን ማድረግ እንደሚገባው ለመነ። ጥቂት ቈይቶ ወደ ውጭ ቢወጣ፥ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን አየ፤ ያም ሰው ከሥራው ተነሥቶ ይጸልያል፥ ደግሞ ተቀምጦ ይጐነጕናል፥ ደግሞ ተነሥቶ ይጸልያል። ያውም እርሱን ሊያቀና የተላከ መልአክ ነበረ፤ እንዲህ ቢያደርግ እንደሚድንም ነገረው። እንጦንስም እጅግ ደስ አለው፥ በረታም።

የዚህ ራእይ ምሥጢር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የመናኝም የባለ ትዳርም ሕይወት በውስጡ አለ። መልአኩ አዲስ ጥበብ አላመጣም፤ ረጅም የስግደት ቍጥርም አላዘዘም። በሥራው ሰዓት እጁ ከገመዱ ጋራ ሆነ፥ በጸሎቱ ሰዓት ልቡ ከጌታው ጋራ ሆነ፤ ሲሠራ ከሥራው አልሸሸም፥ ሲጸልይም ያልጨረሰውን ገመድ አላሰበም። የብዙ ሰው ድካም ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በእርሻው ላይ ቅዳሴው ቀረብኝ ይላል፥ በቅዳሴው ውስጥ እርሻውን ያርሳል፤ በሁለቱም ስፍራ ሳይኖር ቀኑ ይመሻል።

አባ እንጦንስ ለልጆቹ ያስተማረውም ይህንኑ ነው። ሲነጋ እስከ ማታ እንደማይቈዩ፥ ሲተኙም እንደማይነሡ አስበው እንዲኖሩ ይመክራቸው ነበር፤ ሞቱን በየቀኑ የሚያስብ ሰው ቂም አያሳድርምና፥ ገንዘብም አያከማችምና። አባ ጳሞን ምን እንዲያደርግ በጠየቀው ጊዜም፥ በጽድቁ እንዳይታመን፥ ስላለፈ ነገር እንዳይጸጸት፥ አንደበቱንና ሆዱን እንዲገዛ ነገረው። ይህም ንስሓን ማቃለል አይደለም፤ ንስሓ የተገባበትን ነገር እየቈፈሩ ዛሬን ማጣት እንዳይገባ ነው። እርሱ ራሱ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ጥልቅነት፥ አንዱ በልጅነቱ ሲሞት ሌላው ስለ ምን እንደሚያረጅ በመረመረ ጊዜ፥ ያን ትቶ ራሱን እንዲጠብቅ ተነግሮታል። ልብም ያለ ልክ እንዳይወጠር፥ ከወንድሞች ጋራ ሲጫወት አይቶ ለተሰናከለ አዳኝ፥ ቀስት አብዝቶ ቢለጠጥ እንደሚሰበር በምሳሌ አስረድቶታል።

ዛሬን መኖር ግን የሌላውን መከራ አለማየት አልሆነለትም። በ፫፻፲፩ በመክሲሚኖስ ዘመን ስደት በተነሣ ጊዜ፥ ያ ዝምታን የወደደ ሰው በረሓውን ትቶ ወደ እስክንድርያ ወረደ። በወህኒና በማዕድን ጕድጓድ የታሰሩትን ምእመናን አገለገለ፤ ልብሱንም አጥቦ ገዢው ሊያየው በሚችል ስፍራ ያለ ፍርሃት ቆመ። በዚያው ስደት ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ አንገቱን ተሰየፈ። እንጦንስ ሰማዕትነትን ቢመኝ አልተሰጠውም፤ ወደ በዓቱ ተመልሶ በየዕለቱ በሕሊናው ሰማዕት ሆኖ ኖረ። በ፫፻፴፰ም የአርዮስን ክሕደት ለማውገዝ ደግሞ ወደ እስክንድርያ ወርዷል።

ከስደቱም በኋላ የሚመጣው ሕዝብ ስለ በዛበት፥ ከዓረብ ነጋዴዎች ጋራ ሦስት ቀንና ሌሊት ተጕዞ በቀይ ባሕር አጠገብ ወዳለው ተራራ ገባ። በዚያም ውሃና ጥቂት ተምር አገኘ። እንጀራ የሚያመጡለትን እንዳያደክም መቈፈሪያና ዘር አስመጥቶ እህልና አትክልት ዘራ። ስለ ቅድስናው ብዙ ቢነገርለትም፥ በከተማ የሚኖር አንድ ባለ መድኃኒት የእርሱ ተካካይ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ገለጠለት፤ ያ ሰው ሕመምተኛ እያከመ፥ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድኾች እየሰጠ፥ በየቀኑ ከመላእክት ጋራ ሥሉስ ቅዳሴን ያመሰግን ነበር። ስለዚህ በረሓ የሌለው ሰው ሰበብ የለውም።

በ፫፻፶፮ ዓይኑ ሳይፈዝ ጥርሱ ሳይረግፍ በ፻፭ ዓመቱ ዐረፈ። በሽምግልናው ያገለገሉትን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት መቃብሩን ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸው፤ ሀብቱም ሁሉ ጥቂት ልብስ ነበረና፥ ከእርሱ ለቅዱስ አትናቴዎስና ለኤጲስ ቆጶስ ሰራፕዮን አወረሰ። ገድሉን የጻፈ ይኸው አትናቴዎስ ነው፤ ለኢትዮጵያም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና ሾሞ የላከ እርሱ ነው። የኢትዮጵያ መነኮሳትም የቆባቸውን ሐረግ ሲቈጥሩ፥ በመቃርስና በጳኩሚስ፥ በአቡነ አረጋዊም በኩል አድርገው ከእንጦንስ ይጀምራሉ። በዓሉም በጥር ፳፪ ቀን ይከበራል።

እንግዲህ ይህ ደብር ዘመኑን ቈጥሮ ሲያመሰግን፥ ካህኑ ቅዳሴውን እንደ ተለመደ ሥራ ሳይሆን ዛሬ እንደ ተሾመ ሆኖ ይቀድስ፤ ምእመኑም ወንጌሉን ዛሬ ለእርሱ እንደ ተነበበ አድርጎ ይስማ። መሠረቱን የጣሉ አበው የነበራቸው አንድ ዛሬ ነበር፤ ሠሩበትም። አሁን ላለው ሕዝብም የተሰጠው ያው አንድ ዛሬ ነው።

የአባ እንጦንስ ጸሎቱና በረከቱ ከዚህ ደብር ካህናትና ምእመናን ሁሉ ጋራ ይሁን። አሜን።