በእጅ የተረጋገጠው ባለ 39 አሃዝ ቁጥር፦ የኤድዋርድ ሉካስ ሕይወት

170141183460469231731687303715884105727። ይህ ቁጥር 127 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው፤ ባጭሩ 2¹²⁷-1። ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ ማለትም ፕራይም (ብቸኛ ቁጥር) ነው። ይህን ያረጋገጠው ኤድዋርድ ሉካስ ግን ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አላየም።

ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ አሚየን ከተማ ተወለደ። ፓሪስ ተምሮ በዚያው በከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሠራ። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ አስተማረ።

በ1644 ማሪን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ 2ⁿ-1 ፕራይም የሚሆንባቸውን ርቢዎች ሲዘረዝር 67ን እና 127ን አስገብቶ ነበር። ማረጋገጫ ግን አልሰጠም። እያካፈሉ እንሞክር ቢባልስ? ለ2¹²⁷-1 እስከ ባለ 20 አሃዝ አካፋይ ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ነው፤ ዕድሜ አይበቃም።

ሉካስ ማካፈሉን ትቶ ሌላ መንገድ ፈለገ። እስቲ በትንሹ እንየው። 2⁷-1 ማለት 127 ነው። ከ3 ተነሱ፣ በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ፤ 7 ይሆናል። እንደገና፤ 47። ቀጥሎ 2207 ይመጣል፤ በ127 አካፍላችሁ ቀሪውን 48ን ብቻ ያዙ። ከዚያ 16። በመጨረሻ 254፤ ይሄ በ127 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ለርቢ 7 ስድስተኛው ዜሮ ሆነ፤ ስለዚህ 127 ፕራይም ነው። (ከ3 መነሳት የሚሠራው በ4 ሲካፈሉ 3 ለሚተርፋቸው ፕራይም ርቢዎች ነው።) ለርቢ 127 እንግዲህ 125 ጊዜ ማባዛት ነው፤ ያውም እስከ 39 አሃዝ ባላቸው ቁጥሮች! ሉካስ ስሌቱን በባይነሪ፣ በየጎኑ 127 ቤት ባለው ገበታ ላይ ጠጠር እየደረደሩ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ውጤቱን በ1876 አገኘ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የ67ቱ ነው። ሉካስ በዚያው ዓመት 2⁶⁷-1 ፕራይም እንዳልሆነ፣ ሜርሴን እንደተሳሳተ አሳየ፤ አንድም አካፋይ ግን አላገኘለትም። አለ፣ ግን የት እንዳለ አይታወቅም! አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1903 193707721 × 761838257287 መሆኑን እስኪያሳይ ድረስ 27 ዓመት አለፈ።

ኮምፒዩተር የተማራችሁ ሁሉ ሉካስን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ሪከርሽን ስንማር የምንሠራው የሃኖይ ግንብ የእሱ ነው፤ በ1883 የራሱን ስምና የከተማውን ስም ፊደላት አዘበራርቆ በፈጠረው የብዕር ስም አወጣው። ባለ 64 ዲስኩ ስንት እንቅስቃሴ ይፈልጋል? 2⁶⁴-1፤ ያው የለመደው ዓይነት ቁጥር ነው።

አሟሟቱ ያሳዝናል። በ1891 በአንድ ግብዣ ላይ ሳህን ወድቆ ተሰበረና ስባሪው ጉንጩን ቆረጠው። ቁስሉ አመረቀዘና በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በ49 ዓመቱ ሞተ። በማረጋገጫው ውስጥ የቀሩትን ክፍተቶች አሜሪካዊው ሌመር በ1930 ደፈነ፤ ዛሬም ግዙፍ ፕራይሞች በኮምፒዩተር የሚረጋገጡበት ዘዴ የሁለቱን ስም ይዟል። 2¹²⁷-1ም ከሚታወቁት ፕራይሞች ሁሉ ትልቁ ሆኖ እስከ 1951 ድረስ፣ 75 ዓመት ቆየ።