ሌዲ ሜሪ፣ ሁለቱ ልጆቿና ያልተጠየቁት

በየዓመቱ ኦገስት ሲገባ የማኅበራችን ስልክ አያርፍም። የትምህርት ቤት ምዝገባ ይደርሳል፣ የክትባት ቅጹ ይመጣል፣ እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እያፈላን ወረቀት እናነባለን። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ልጇን ይዛ ከአዲስ አበባ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ለማስመዝገብ ሄደች። የክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ እኩል ጠብቃ ነው ያመጣችው። ነገር ግን ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ፣ ለመዝጋቢዋ ልጁ ከመወለዱ ሰባት ዓመት በፊት የተከተበ መሰላት። ጊዜ እንዳይባክን ብላ ሌላ ወረቀት አቀበለቻትና ፈርሚ አለቻት፤ እህታችንም ፈረመች። የፈረመችው፣ ልጄ በሃይማኖቴ ምክንያት አይከተብም የሚለውን ነው። ክረምት ላይ በትምህርት ቤቱ ኩፍኝ ገባና የልጁ ስም ካልተከተቡት ጋር ስለተጻፈ 21 ቀን ቤት ተቀመጠ። እናቱ ስንት የሥራ ፈረቃ እንዳለፋት እሷና እኛ እናውቃለን።

ቡና ላይ ስንነጋገር ሐሳባችን አንድ አልሆነም። ልጄን መከተብ አለመከተብ የኔ ፈንታ ነው ያለች አለች፤ የሌላውስ ልጅ ብላ የመለሰችም አለች። በዚህ መሐል ነው አንዷ አባላችን፣ ልጅ ማስከተብን ወደ እንግሊዝ አገር ስላስገባች ሴት አንብባ የነገረችን። ታሪኳ ስለያዘን በዚህ እትም ልናካፍላችሁ ወደድን። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ከካርዱ ጣጣ በኋላ ይህን ሳንናገር አናልፍም!

ሜሪ ፒየርፖንት በ1689 ከትልቅ መሳፍንት ቤት ተወለደች። እናቷ የሞተችባት ገና ነፍስ ሳታውቅ ነው። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ የምትማረው አለባበስና ጭፈራ ነበር፤ እሷ ግን ከአባቷ መጻሕፍት ቤት ተደብቃ ላቲን ራሷን አስተማረች። አባቷ ለማትወደው ሰው ሊድራት ሲያዘጋጅ በ1712 ኤድዋርድ ወርትሊ ሞንታጉ ከሚባል ሰው ጋር ጠፍታ ሄዳ ተጋባች። ትዳሩ ያሰበችውን ያህል ሞቅ ያለ አልሆነም፣ ይህ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ያን ጊዜ ፈንጣጣ ቤት አይመርጥም ነበር። በ1713 የ20 ዓመት ወንድሟን ገደለው። በ1715 መጨረሻ ደግሞ ወደ ራሷ መጣ። ከሞት ተረፈች፣ ነገር ግን የዓይኗ ሽፋሽፍት ረግፎ ቀረ፣ በመልኳ ይታወቅ የነበረው ፊቷም ተጠቃጠቀ። ፈንጣጣ የበላውን ፊት ያየች፣ በአያቶቿ ዘመን የደረሰች አባላችን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

በ1716 ባሏ በኦቶማን መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር ሆኖ ተሾመ፤ እሷም ትንሽ ልጇን ይዛ አብራው ሄደች። ሌሎች የአምባሳደር ሚስቶች እንደሚያደርጉት በግቢዋ ተዘግታ አልተቀመጠችም። የቱርክኛ ቋንቋ ተማረች፣ ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አወራች። ያየችውንም በደብዳቤ ለወዳጆቿ ጻፈች። በ1717 ለልጅነት ጓደኛዋ ለሳራ ቺዝዌል የጻፈችው ደብዳቤ ነው ዛሬ ስሟን የሚያስጠራት። በዚያ አገር ፈንጣጣ ማንንም አያስፈራም ነበር። በመስከረም ሙቀቱ በረድ ሲል አሮጊቶች ከቀላል ፈንጣጣ የተወሰደ መግል በለውዝ ቅርፊት ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የጎረቤት ልጆች ይሰበሰቡና አሮጊቷ ቆዳቸውን በመርፌ ጫር እያደረገች ትንሽ ትንሽ ታስገባበታለች። ልጆቹ ለስምንት ቀን ያህል ሲጫወቱ ይሰነብታሉ፣ ከዚያ ትኩሳት ይይዛቸውና ሁለት ሦስት ቀን ተኝተው ይነሣሉ። ከዚያ ወዲያ ፈንጣጣ አይነካቸውም።

ይህ ነገር ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያም ከታመመ ሰው ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ የቆየ ልማድ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ ተጓዦች ጽፈውታል፣ በ1970ዎቹ ፈንጣጣን ለማጥፋት ገጠር ለገጠር የዞሩት የጤና ሠራተኞችም ሲሠራበት ደርሰውበታል። ክትባት የሚለው ቃላችን ራሱ ከክታብ ጋር አንድ ሥር አለው፤ ቆዳ ላይ መጫርና ብራና ላይ መጻፍ በቋንቋችን ወንድማማቾች ናቸው። በአሜሪካም እንዲሁ፣ በቦስተን ከተማ በባርነት ይኖር የነበረ ኦኔሲመስ የተባለ አፍሪካዊ፣ በአገሩ እንደተከተበ ለጌታው ነግሮት በ1721 በከተማው የተጀመረው ክትባት ከእሱ ቃል የመጣ ነው። ሐኪሞቹ ከመጻፋቸው በፊት አሮጊቶቹና ባሪያዎቹ ያውቁት ነበር ለማለት ነው።

በማርች 1718 ባሏ ከከተማ ርቆ ሳለ ሜሪ ልጇን ለማስከተብ ቆረጠች። ልጁ አምስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። አንዲት አሮጊት ግሪካዊት አስጠራች፣ የኤምባሲው ሐኪም ቻርልስ ሜትላንድም አጠገቧ እንዲቆም አደረገች። የአሮጊቷ መርፌ የዶለዶመና የዛገ ስለነበረ ልጁን አሳመመው፤ ሜትላንድ አላስችል ብሎት ሁለተኛውን ክንድ በራሱ መሣሪያ ከተበ። ባልየው የሰማው ከተደረገ በኋላ በደብዳቤ ነው። ልጁ ዳነ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ የተወለደች ሴት ልጅም ነበረቻት። እሷን ግን አላስከተበቻትም። ምክንያቱ የምታጠባት ሞግዚት ፈንጣጣ ይዟት የማያውቅ መሆኑ ነበር፤ የተከተበው ሕፃን ለጥቂት ቀን በሽታውን ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከታሪኳ ሁሉ ቡና ጠጪዎቹን ያስቆመን ይህ ነው። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን በሰው ቤት ልጅ እንጠብቃለን! የገዛ ልጇን ክትባት በሞግዚት ምክንያት ያዘገየች እመቤት መኖሯ ደስ አሰኘን። ፍርሃቷም ከንቱ አልነበረም። በኋላ በ1721 ሜትላንድ በሄርትፎርድ አንዲት ሕፃን ከትቦ፣ የቤቱ ስድስት አገልጋዮች ከእሷ ፈንጣጣ ተጋብቶባቸዋል።

ወደ እንግሊዝ ከተመለሱ በኋላ በ1721 ጸደይ ለንደንን ፈንጣጣ አጥለቀለቃት። ሜሪ ሜትላንድን አስጠርታ የሦስት ዓመት ልጇን ክተብልኝ አለችው። እሱ ፈራ፤ ቱርክ አገር የተደረገውን ማንም አላየም፣ ለንደን ላይ ልጅቱ ብትሞት ሥራውም ስሙም ያበቃል። ስለዚህ ሐኪሞች መጥተው በዓይናቸው ይዩ አለ። መጡ፣ አዩ፣ ልጅቱም ዳነች። ከመጡት አንዱ ዶክተር ኪዝ ልጆቹ በፈንጣጣ የሞቱበት ሰው ነበረ፤ የተረፈውን ልጁን ወዲያው አስከተበ።

የዌልሱ ልዑል ሚስት ልዕልት ካሮላይን ነገሩን ሰምታ ልጆቿን ለማስከተብ ፈለገች፣ ግን መጀመሪያ በሌላ ይሞከር ተባለ። በሌላ ማለት በማን? በኦገስት 1721 በኒውጌት ወህኒ ቤት ሞት የተፈረደባቸው ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ ብትከተቡ ምሕረት ታገኛላችሁ ተባሉ። ስድስቱም ተረፉና ተለቀቁ። ከሴቶቹ አንዷን የ19 ዓመት ልጅ ወደ ሄርትፎርድ ልከው ፈንጣጣ የያዛቸውን እንድታስታምምና ከታመመ ልጅ ጋር እንድትተኛ አደረጓት፤ አልያዛትም። ቀጥሎ የድሆች ወላጅ አልባ ልጆች ተከተቡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በአፕሪል 1722፣ ሁለቱ የልዕልቲቱ ሴቶች ልጆች ተከተቡ።

ሜሪን እናከብራታለን፣ ይህን ክፍል ግን ዝም ብለን አናልፈውም። እሷ ለልጇ ስትወስን አይታ፣ ጠይቃ፣ አውቃ ነው። ወህኒ ያሉት የመረጡት ከገመድና ከመርፌ ነው፤ ወላጅ አልባዎቹንማ የጠየቃቸው የለም። እህታችን ያልገባትን ወረቀት ስትፈርም ብትጠየቅም ያው ነው፤ በማታውቀው ቋንቋ የተጠየቀ ሰው ተጠየቀ አይባልም።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። በ1722 በለንደን አንድ ቄስ በሽታ የእግዚአብሔር ፈተና ነውና መከተብ ኃጢአት ነው ብሎ ሰበከ። ሐኪም ዋግስታፍ ደግሞ መሃይም ሴቶች የጀመሩት ነገር የንጉሥ ቤት መግባቱ ያሳፍራል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ግን ያለ ምክንያት አልጮሁም፤ በዚያው ዓመት የአንድ መኮንን ትንሽ ልጅና የሌላ መኮንን አገልጋይ ከተከተቡ በኋላ ሞተዋል። ሜሪ ስሟን ደብቃ፣ የቱርክ ነጋዴ ነኝ ብላ በጋዜጣ መለሰች። ጥፋቱ ሕሙማኑን አስቀድመው ደም በሚያፈሱና ሆድ በሚያስቀምጡ፣ በጥልቅም በሚቀዱ ሐኪሞች ነው፤ አሮጊቶቹ ትንሽ ጫር ብቻ ነበር የሚያደርጉት የሚል ነው ሐሳቧ። ክርክሩን ያረጋጋው ጄምስ ጁሪን የተባለ ሐኪም ነው። ከየቦታው ቁጥር ሰብስቦ፣ ፈንጣጣ በራሱ ከያዛቸው ብዙ ሰው ሲሞት፣ ከተከተቡት ግን ከ50 አንዱ ያህል እንደሚሞት አሳየ። ዛሬ ከ50 አንድ ልጅ የሚገድል ክትባት ማንም አይቀበልም። ያን ጊዜ ግን እናቶች ይህን ቁጥር ይዘው ነበር መምረጥ የነበረባቸው።

ስለ ቱርክ አሮጊቶች የተጻፈላት ሳራ ቺዝዌል አልተከተበችም። በ1726 በፈንጣጣ ሞተች።

የሜሪ የኋላ ዘመን ብዙ ደስታ የለበትም። በ1739 ባሏን ትታ ወደ ጣልያን ሄደች፣ በጣልያንና በፈረንሳይ ከ20 ዓመት በላይ ብቻዋን ኖረች። ልጇ ሜሪ ኧርል ኦፍ ቢዩትን አግብታ ባሏ በ1762 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እናቲቱም በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ተመልሳ በጡት ካንሰር በኦገስት ሞተች። የቱርክ ደብዳቤዎቿ በማግሥቱ ዓመት ታተሙ። ልጅቱ ግን የእናቷን የዕለት ማስታወሻ አቃጠለችው፤ ይህን ስናነብ አንድ ሁለታችን ተቆጥተናል።

ከእሷ በኋላ ያለውን ባጭሩ እንበል። በልጅነቱ በዚህ ዘዴ የተከተበው ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ከሰው ፈንጣጣ ይልቅ የላም ፈንጣጣ መክተብ እንደሚበቃ አሳየ፤ ይህ ለሞግዚቷም አያሰጋም። እንግሊዝ በ1840 አሮጌውን ዘዴ ከለከለች፣ በ1853 የሕፃናት ክትባትን ግዴታ አደረገች፤ መክፈል ያቃታቸው ድሆች ዕቃቸው ለቅጣት ተሸጠ። ከብዙ ሰልፍና እሥር በኋላ በ1898 ኅሊናዬ አይፈቅድም የሚል ወላጅ ዳኛ ፊት ቀርቦ ነጻ እንዲሆን ሕግ ወጣ። በአሜሪካ ለትምህርት ቤት መግቢያ ክትባትን መጀመሪያ ያዘዘው የማሳቹሴትስ ሕግ የ1855 ነው። በ1922 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በቴክሳስ ሳትከተብ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ልጅ ጉዳይ፣ ከተማው ይህን ማዘዝ ይችላል ብሎ ፈረደ። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ በ1976 ባሌ ላይ፣ ከዓለም በ1977 ሶማሊያ ላይ ጠፋ።

ዛሬ ነጻ የመሆን ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በሕመም ምክንያት ሐኪም የሚጽፈው አለ፣ በብዙ ቦታ በሃይማኖት ምክንያት የሚሞላ አለ፤ እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉት ግን የሐኪሙን ብቻ ነው የሚቀበሉት። የትኛውንም መፈረም ወይም አለመፈረም የየእናቱ ውሳኔ ነው። ማኅበራችን የሚለው፣ የምትፈርሚው ምን እንደሆነ ሳታውቂ አትፈርሚ ነው። የፈረመች እናት በሽታ ሲገባ ልጇ ሳምንታት ቤት ሊቀመጥ እንደሚችል አስቀድማ ትወቅ። ከእያንዳንዱ ክትባት በፊት ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ የሚገልጽ ወረቀት ሊሰጣችሁ በፌዴራል ሕግ የታዘዘ ነው፤ ካልሰጧችሁ ጠይቁ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። ከአገር ቤት የመጣ ካርድ ላይ ጉድፍና ጆሮ ደግፍ ስለማይገኙ ልጁ ሙሉ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ሁሉንም እንደገና ይወጋ ከተባላችሁም መጀመሪያ ቀኖቹ ይቀየሩለት።

የእህታችንን ወረቀት በየካቲት አስሰርዘናል። የካርዱን ቀኖች ከማኅበራችን ሁለት አባላት ቁጭ ብለው ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለውጠው ለሐኪሙ ሰጡት፤ ልጁ የጎደሉትን ብቻ ተከትቦ ገባ። በዚህ ዓመትም በኦገስት ሁለቱ የመጀመሪያ ቅዳሜዎች ካርድ እናነባለን፤ ዋናውን ካርድ እንጂ በስልክ የተነሣ ፎቶ አታምጡ፣ ማኅተሙ አይታይም።

የሜሪ ወንድ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት መኮብለል ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ ሲጠፋ ቤተሰቡ በጋዜጣ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ልጁ የሚታወቅበት ምልክት ተብሎ የተጻፈው በሁለቱም ክንዶቹ ላይ ያለው የክትባት ጠባሳ ነው፤ አንዱ የአሮጊቷ፣ አንዱ የሜትላንድ።