ዣን ፒያዤና የሕፃናት ስሕተት

በሐረር ጀጎል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ተማሪ መንገድ እንደሚጠፋበት ሁላችንም እናውቃለን። ግንቡ የከበበው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ቢሆንም፣ በውስጡ 368 ጠባብ መንገዶች ይቆጠራሉ። እኛ ከፈረስ መጋላ ተነሥተን ኤረር በር ለመድረስ ስንዞር፣ የአምስት ዓመት ሕፃን ከሱቅ ስኳር ገዝቶ ሳይሳሳት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን ያንኑ ሕፃን የመጣህበትን መንገድ በወረቀት ላይ ሣልልን ብንለው ይቸገራል። ታዲያ ያውቃል እንበል ወይስ አያውቅም? ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመረመሩት ሊቅ ዣን ፒያዤ ናቸውና፣ ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፒያዤ በ1896 ዓ.ም. በስዊስ አገር በኑሻቴል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበሩ። ልጁ ግን ፍጥረትን መመልከት ይወድ ስለ ነበር፣ ገና በ1907 ስለ አንዲት ነጭ ድንቢጥ ያየውን ጽፎ በመጽሔት አሳተመ። በ1918ም ስለ ቀንድ አውጣና ስለ መሰሎቹ ባቀረቡት ጥናት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ።

ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄዱ። በዚያ የተሰጣቸው ሥራ በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀ የማመዛዘን ፈተና ለፈረንሳይ ልጆች እንዲስማማ ማድረግ ነበር። የፈታኝ ልማድ ትክክለኛውን መልስ ቈጥሮ ስሕተቱን መተው ነው። ፒያዤ ግን የተተወውን አነሡ። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ስሕተት እንደሚሳሳቱ ተመለከቱ። ስለዚህም ሕፃን ከዐዋቂ ያነሰ ዕውቀት ያለው ብቻ ሳይሆን፣ በራሱ ሥርዓት የሚያስብ ነው ወደሚል ሐሳብ ደረሱ።

በ1921 ጄኔቭ ወደሚገኘው የሩሶ ተቋም ተጠሩ። በ1923 የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ መጽሐፋቸውን አወጡ፤ በዚያው ዓመትም አገቡ። ከ1925 እስከ 1931 የተወለዱላቸውን ሦስት ልጆች ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ከአራስነት ጀምሮ እየተከታተሉ መዘገቡ። አሻንጉሊት በጨርቅ ሲሸፈን ሕፃኑ ይፈልገዋል ወይስ ጨርሶ እንደ ጠፋ ይቈጥረዋል? ይህን የመሰለ ቀላል ጥያቄ ትልቅ ምርምር ሆነ።

በ1948 ከባልደረባቸው ከቤርቤል ኢንሄልደር ጋር ሕፃናት ስለ ቦታ ያላቸውን አስተሳሰብ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተሙ። የሦስት ተራሮች ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አኑረው፣ በሌላ በኩል የተቀመጠ አሻንጉሊት ምን እንደሚያይ ልጆችን ጠየቁ። ትንንሾቹ ራሳቸው የሚያዩትን መለሱ። ደግሞም የጄኔቭ ልጆች የትምህርት ቤታቸውን አካባቢና ከዚያ የሚነሣውን መንገድ በአሸዋ ላይ እንዲያሳዩ ተደረገ። ትንንሾቹ መንገዱን የሚያስታውሱት በገዛ እግራቸው እርምጃ ስለ ነበር፣ ሁሉን በአንድ ካርታ ማስማማት አቃታቸው። እንግዲህ የጀጎሉም ሕፃን መንገዱን በእግሩ ያውቃል፤ በሐሳቡ ከላይ ሆኖ ማየት ግን ገና ይቀረዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ፒያዤም ሳይታረሙ አልቀሩም። በ1970ዎቹ ማርቲን ሂዩዝ የተባለ ተመራማሪ በስኮትላንድ ተራሮቹን ትቶ፣ ከፖሊስ የሚደበቅ ልጅ በአሻንጉሊት አዘጋጀ። ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት የተገኘው መልስ 90 ከመቶ ያህሉ ትክክል ሆነ። መደበቅን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ አኩኩሉ የሚጫወት ልጅ የፈላጊው ዓይን ወዴት እንደሚያይ ይረዳል። የካርቶን ተራራ ግን እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ የወደቀው አንዳንድ ጊዜ በጥያቄው ምክንያት ነበር።

ፒያዤ በ1980 በ84 ዓመታቸው ጄኔቭ ላይ ዐረፉ። ስለ ዕድሜ ደረጃዎች የሰጡት ትምህርት በብዙ በኩል ቢሻሻልም፣ ስሕተትን አክብሮ መጠየቅን ያህል ያወረሱን ነገር የለም። የታረሙትም በዚሁ መንገድ ነው።

ከእኛ ብዙዎቹ ነገ ጠመኔ ይዘን በሕፃናት ፊት እንቆማለን። ልጁ ሲሳሳት ደንቆሮ ብሎ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ብዙዎቻችንም በዚሁ መንገድ ተምረናል። ነገር ግን እንዲህ ያልነው ልጅ ምናልባት እኛ የጠፋንበትን መንገድ የሚያውቅ ይሆናል። እንግዲያስ ከመፍረዳችን በፊት እንዴት እንዳሰበው እንጠይቀው፤ ጥያቄያችንንም መልሰን እንመርምር።